ፊቴን ያነበበው ቀራጺ

የቀራጺው የስጦታው እህት ትርንጎ ስትደውል አንድ አዛውንት ማሽኑ ላይ አስተኝቼ ነበር። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳም። የእሷን ስም ሳይ ግን እጄ ቀደመኝ።

"አያ ስጦታው አረፈ" አለችኝ። "ጎህ ሲቀድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። እንደማትደርሺ አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።"

የሚቀበርበት አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ሩቅ አይደለም። በዚያ ሳምንት ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅም አልነበረም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና በመስታወቱ ማዶ ለተኙት አዛውንት በማይክራፎኑ "አባቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ" አልኳቸው። እሳቸው ያዙ። እኔም ሳላውቀው አብሬያቸው ይዤ ኖሯል። "ልተንፍስ ወይ ልጄ?" ብለው ሲጣሩ ነው የነቃሁት።

እኔ ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰውን ማሽኑ ላይ ማስተኛት፣ ምስሉን ማንሳትና ለሐኪሙ ማስተላለፍ ነው። ያየሁትን ለበሽተኛው መንገር አይፈቀድልኝም። ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ ነርስ እንዳልሆንኩ ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ስጦታውም ስሜን ካወቀ በኋላ እንኳ ሲስተር ማለቱን አልተወም።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። ከማክሰኝት የመጡ አንዲት እናት አንገታቸውን አስግገው፣

"ምነው ልጄ፣ ሕፃኑን ምን አገኘው?" አሉት።

"ሕፃን አይደለም እናቴ። ዋንዛ ነው።"

ጋቢውን ገለጥ ሲያደርገው የሰው ራስ ብቅ አለ። አፍንጫው ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ አንድ ዓይኑ ከሌላው ትንሽ የጠበበ፣ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን የከፈተ ጎልማሳ። እናትየዋ በስመ አብ ብለው አማተቡ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ ግን በሳቅ ፈነዳች።

"ይኼማ ዳኘው ነው! የባጃጁ ዳኘው!"

ስጦታው ያን ቀን ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። በኋላ እንደነገረኝ፣ ብዙ ሰው ሥራውን አድንቆለት ያውቃል፤ የማታውቀው ሰው ግን በምርመራ ወረፋ ላይ የቀረጸውን ፊት በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ጉዳዩን ሲነግረኝ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። የቀረጸውን ራስ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ውስጡን እንዳሳየው ነበር የፈለገው።

"ይህ ማሽን የሰው ነው" አልኩት።

"እኔስ የለፋሁት ይኼ ሰው ነው እንድትይ አይደል?"

መለስኩት። በሳምንቱ መጣ፤ መለስኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪማችን ዶክተር ነጋ ክርክራችንን ከቢሯቸው ሰምተው ወጡና የእንጨቱን ራስ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ዓርብ ጠዋት፣ በሽተኛ ከመግባቱ በፊት፣ በውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ አስገብተንበት ማሽኑን እንፈትሸዋለን። ዶክተር ነጋ "ከፍተሻው በኋላ አንድ ጊዜ አስገቢለት" አሉኝ። "ማሽኑ አይከፋውም።"

በዚያ ዓርብ ያየሁትን እስካሁን ሌላ ቦታ አላየሁም። የሰው ጭንቅላት ምስል ለእኔ እንደ ቤቴ መንገድ ነው፤ የዳኘው የእንጨት ራስ ግን ውስጡ ሌላ አገር ነበር። የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች እንደታረሰ ማሳ ትልም ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ነቀዝ የበላው መንገድ ከአገጩ ተነስቶ በጆሮው ሥር ዞሮ ግንባሩ ላይ ይጠፋል። ከግራ ዓይኑ ጀርባ ደግሞ አንድ ነጭ ነገር አንጸባረቀ።

"ብረት ነው" አልኩት።

ወንበሩን ስቦ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ዛፉ የቆመው አጥር ዳር ነበር። አንድ ጊዜ የታሰረበትን እሾሃማ ሽቦ ውጦት፣ ላዩ ላይ ገጥሞበት፣ ይዞት አድጓል።

"መሮዬ እዚህ ጋ ደርሶ ነበር" አለ ጣቱን እያስጠጋ። "አንድ ጣት ነው የቀረኝ። ስምንት ወር ስነካው፣ ስዳስሰው ከርሜ አላወቅኩም።"

ስጦታው ከቀራጺነቱ በፊት ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩንም የለመደው ለዚያ ሥራ ነው። ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ አንደኛው በግንድና በእንጨት ፍቅፋቂ የተሞላ፣ ሌላው ውስጥ አልጋውና ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፑ። የሚቀርጸው ከፈረሰ ቤት በወጣ መቃንና በተቆረጠ አሮጌ ዛፍ ሲሆን፣ የሚቀርጸውም የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ዳቦ ሻጯን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ቤት አከራዩን። ሰው ሲያይ የራሱን ፊት ይዳስሳል። ጉንጭሽን ካየ ጉንጩን፣ አገጭሽን ካየ አገጩን። መንገድ ላይ የማያውቁት ዝንብ የሚያባርር ይመስላቸው ነበር። ስለ እኔ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እንዲህ አለኝ፦

"ሲስተር፣ ከንፈርሽ መዋሸት ለምዷል። ሥራሽ ነው፤ አልፈርድብሽም። ቅንድብሽ ግን አልተማረም።"

የሰጠሁትን ምስል በፍላሽ ወስዶ ወራት ሠራበት። በመጨረሻ ያሳየኝ ነገር እንዲህ ነበር፦ የዳኘው ፊት በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። እየዞረ ቆዳው እንደ ጭጋግ ይሳሳል፤ ትልሞቹ ይወጣሉ፤ የነቀዙ መንገድ እንደ ወንዝ ይበራል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጠፍቶ ያቺ የሽቦ ቁራጭ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ትንሳፈፋለች። የእንጨቱ ራስ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ግድግዳ ያያል። ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጣቸው፤ "ዳኘው"።

እንዲህ የሚሠሩ ጓደኞች በስልክ ነበሩት። አንዱ ዳካር ነው፣ አንዱ አክራ። አብዝቶ የሚያወራው ከናይሮቢዋ ከዋንጂሩ ጋር ነበር። እሷ የተጣሉ የመኪና ዕቃዎችን በብየዳ አያይዛ ትልልቅ ወፎች ትሠራለች፤ ከዚያ ያንኑ ወፍ ኮምፒውተር ላይ አስገብታ ከተማው ላይ ታበርረዋለች። ስልኩን እያሳየኝ "እያት እስቲ" ይለኛል፣ እህቱን እንደሚያሳይ። "እኛ ሠፈርተኞች ነን ሲስተር። ቤታችን ነው የተራራቀው።"

"ዳኘው"ን ያሳየው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነን። ዳኘው ራሱ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ግድግዳው ላይ ፊቱ መዞር ሲጀምር ደስ ብሎት አጨበጨበ። ቆዳው መሳሳት ሲጀምር ግን ብድግ አለ።

"ስጦታው! ዝጋኝ! ኧረ ሰው እያየኝ ነው፣ ዝጋኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከተረጋጋ በኋላ ግን ያው ዳኘው ሦስት ጊዜ አስደገመው። በሦስተኛው ሽቦዋ ብቻ ስትቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

"ይኼ ከእንጨቱ ነው ወይስ ከእኔ?"

"እኔም እሱን ነው የማላውቀው" አለው ስጦታው።

ከዚያ በኋላ ዋንጂሩ ናይሮቢ ላይ ለምታዘጋጀው ኤግዚቢሽን ጋበዘችው፤ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ እንጨትና ብረትን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙ ሥራዎች የሚታዩበት ነው። "ዳኘው"ንና አንድ አዲስ ሥራ እንዲያመጣ ጠየቀችው። የመጀመሪያ ፓስፖርቱን ሲያወጣ ፎቶው ላይ ጆሮዎቹ እኩል አለመሆናቸውን አይቶ ለሳምንት ያህል ሲያወራው ነበር።

በዚያው ሰሞን ራሱን ያመው ጀመር። አንድ ማክሰኞ ወረፋውን ይዞ፣ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ፤ ጋቢ አልያዘም።

"ዛሬ ራሴን ይዤልሽ መጣሁ" አለኝ።

ስቄ አስተኛሁት። ጭንቅላቱን መያዣው ላይ አስተካከልኩ፤ ትንፋሽህን ያዝ፣ አትንቀሳቀስ፣ አልኩት። መስታወቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ምስሎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። በግራ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ ዳሩ የነጣ፣ መሐሉ የጠቆረ፣ የሎሚ ያህል ነገር ነበር። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ገፍቶታል።

እንዲህ ያለ ምስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በየጊዜው ተነስቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ "ጨርሰናል፣ ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርዎታል" ብዬ ሸኝቻለሁ። ያን ቀን ከመግባቴ በፊት በሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ፈገግታዬን አስተካክዬ ገባሁ።

ተነስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አየኝ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ቅንድብ ሄደ።

"ሲስተር፣ የት ላይ ነው?"

"ምኑ?"

"ፊትሽ ላይ ያለው ነገር። ጭንቅላቴ ውስጥ የት ላይ ነው?"

"ውጤቱን ዶክተር ነጋ ናቸው የሚነግሩህ። እኔ…"

"እሺ፣ አትንገሪኝ" አለ። "ፊትሽን ብቻ አታዙሪብኝ።"

አላዞርኩም። ምን ያህል እንደተያየን አላውቅም። አልቅሼ አላውቅም በሥራ ቦታ፤ ያን ቀንም አላለቀስኩም። ግን ደንቡን ሳልጥስ፣ አንድ ቃል ሳልናገር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ በአፌ ብነግረው ምን ይለወጥ ነበር? ምንም። ባላየኝስ? ምንም።

ቤተሰቦቹ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ሐኪሞቹ ቀደዱት፤ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት እንደማይቻል ነገሩት፤ ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ተላጭቶ፣ ከጆሮው በላይ ጠባሳ ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ የጠየቀኝ የራሱን ምስል ነው። የራሱ ነውና በሲዲ ገልብጬ ሰጠሁት።

"የናይሮቢው አዲስ ሥራ ተገኘ" አለኝ።

የሠራውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ያው እንደ ዳኘው ቀስ እያለ የሚዞር የራሱ ፊት ነበር። ሲሳሳ ግን ትልም የለም፤ ውስጡ ጨለማ ነው። በጨለማው መሐል ያቺ ሎሚ ብቻዋን አለች፤ እሱ ግን እንደ ዋንዛ ጠርቧታል፤ ቀለበት በቀለበት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ የዛፍ ዕድሜ እንደሚቆጠር አድርጎ። አላለቀም ነበር። "ቆይ፣ ገና አልደረስኩበትም" አለና ዘጋው። አላለቀም ላለው ነገር ሁሉ የሚላት ቃሉ ናት።

ቃላት ይጠፉት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መዶሻውን ሲፈልግ "ውሃዬን አምጪልኝ" ይላል። እንዳልሆነ ያውቃል፤ ይናደዳል፤ ሌላ ቃል ይሞክራል፤ እሱም ሌላ ይሆናል። ዶክተር ነጋ በሽታው የቃላቱን ቦታ እየያዘው መሆኑን አስረዱኝ። ቀኝ እጁም ከዳው። እንጨቱን ተወ፤ በግራ እጁ ላፕቶፑን ብቻ ይነካካል።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ፓስወርድ የምትጠይቀው ጠባብ ሳጥን ብቻ ናት።

"ጠፋኝ" አለ።

በሕመሙ መሐል ቀይሮት ኖሯል። መቼ፣ ለምን፣ እሱም አያውቅም። ቃል እንደነበር ያውቃል። አጠገቡ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። የእናቱን ስም ሞከርን፤ የእህቱን የትርንጎን፤ ዋንዛ፣ ዳኘው፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እኔ አንድ ቃል ስል እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ "እሱ ነው! እሱ ነው!" ይላል። እጽፋለሁ፤ አይከፍትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን ያያል፣ ቃሉ እዚያ ተጽፎ እንደሆነ። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ ከንፈሬን። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም። ያኔ ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ ጣቱን ሳጥኗ ላይ እንዳደረገ።

ሌላ ቦታ ያስቀመጠው አልነበረም። የውጭ ዲስኩን በክረምት ጣሪያው አፍስሶበት አበላሽቶታል። የእንጨቱን ራስ ምስል እኛ ማዕከል አላቆየነውም፤ የበሽተኛ ካርድ ስላልነበረው ከሰጠነው በኋላ ጠፍቷል። ዳኘው ያን ቅዳሜ በስልኩ ቀርጾ ነበር፤ ሲያሳየኝ አብዛኛው የሰው ጀርባ ነው፣ ቀሪው የራሱ ጩኸት።

ዋንጂሩ ስትደውል ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። እሷም "እስከ መጨረሻው ቀን ቦታውን ለሌላ አልሰጥም" አለች። "አንድ ትንሽ ነገር እንኳ፣ ፎቶም ቢሆን።" የእንጨቱ ራስ ብቻውን ለእሱ "ዳኘው" አልነበረም፤ የሌላው ደግሞ ፎቶ አልነበረንም። ሲሠራ ፎቶ ማንሳት አይወድም ነበር። ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፤ ተዘጋ። እሷ መዘጋቱን ነገረችኝ፣ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ያኔ ቀኑን መቁጠር ትቶ ነበር።

ትርንጎ መጥታ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወሰደችው። እሷ እዚያ አስተማሪ ናት፤ ከእናታቸው ጋር ትኖራለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲያየኝ ግራ እጁ ወደ ፊቱ ተነሳ፤ የቱን ሊነካ እንደፈለገ ግን የረሳው ይመስል መሐል ላይ ቀረ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን አወዛወዝኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ከተቀበረ ሁለት ወር ሊሆነው ሲል፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ትርንጎ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወደ ማዕከሉ መጣች። ላፕቶፑን በቦርሳ ይዛለች።

"እህት ዓለም፣ እስቲ የሚከፍት ሰው ፈልጊልኝ" አለችኝ።

ፒያሳ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። መልሶ ላከን። ሁለተኛው ቤት ያለው ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ደከመበት። በመጨረሻ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እውነቱን ነገረን።

"ዲስኩ ራሱ በዚያ ቃል ነው የተቆለፈው። ያለ ፓስወርዱ የውስጡ አይገኝም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው። እንደ አዲስ ላስነሳው እችላለሁ፤ ሸጋ ሆኖ ይሠራል። ግን ያለበት ሁሉ ይጠፋል።"

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ይሻላል?"

"አይጥፋ" ልል ፈለግኩ። ምናልባት አንድ ቀን የሚከፍተው ይገኛል፣ ልል ፈለግኩ። ውሳኔው ግን የእኔ አልነበረም። ሎሚዋን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእሷ ግን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ወንድምሽ በሽታውን እንደ ዛፍ ቀርጾት ነበር፣ ያምር ነበር፣ ልበላት?

"አንቺ የምታውቂውን አላውቅም" አለች። "እኔ የማውቀው መጨረሻ ላይ ያየሁትን ነው። ጠዋት ሲነሳ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ያን ሳጥን ያያል። እናቴ ምሳ ስታቀርብለት ከእሱ ላይ ዓይኑን አያነሳም። አንድ ፊደል ይነካል፤ አይከፍትም፤ ያለቅሳል። እስከ ሞተበት ቀን። አሁን ቤት ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጦ ሳየው እሱ ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ነው የሚመስለኝ። እናቴም አልቻለችም።"

ባለሙያው ጠበቃት።

"ይከፈት" አለች። "ባዶም ቢሆን ይከፈት።"

ሁለታችንም ቁጭ ብለን አየን። ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ነጭ ፊደላት አለፉ፤ እንደገና ጠቆረ። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን መጣ፣ ንጹሕ፣ አንድም ነገር የሌለበት። ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

"በማን ስም ላድርገው?" አለ ባለሙያው።

"ስጦታው በለው።"

ጻፈ።

"ፓስወርድስ?"

"አይኑረው" አለች።